ለዝክር አይጠራም

ሠላሳ ስምንት ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬያለሁ። በቫልዬቮ ከተማ ዙሪያ ያለ ድንበር ሁሉ በእኔ እግር ተለክቷል ብል አልዋሸሁም። ወንድማማቾች መጥረቢያ ሊማዘዙ ሲሉ እኔ ችካሌን ተሸክሜ እደርሳለሁ፣ «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» እላለሁ፣ ነገሩ ይበርዳል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ የገዛ እህቱን ቤት ማግኘት አቃተው። ስሜ ቬሊቦር ነው። ይህን የምነግራችሁ ሌላ ሰው አጋኖ ሳይነግራችሁ ልቅደም ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በየካቲቱ የሦስት ቀን በዓል ነው። ቅዳሜ ቅዱስ ትሪፉን ነበር፣ እሑድና ሰኞ የመንግሥት በዓል። ልጄ ኢሲዶራ ደውላ «አባዬ፣ በዓሉን የት ልታሳልፍ ነው?» ስትለኝ፣ «ቤልግሬድ ወርጄ ዶርቾል ሰፈርን ዞር ዞር ብዬ ላየው ነው» አልኳት።

«ዶርቾልን? አንተ?»

«ምን አለበት? ሕይወት ያለው እዚያ ነው ይላሉ። እኔም ሕይወት ምን እንደሚመስል ልየው።»

«አክስቴ ዴሳንካም እኮ ዶርቾል ነው ያለችው። ቅዳሜ ደግሞ ዝክሯ ነው።»

«እንዴ፣ ነው እንዴ? ረስቼው።»

አልረሳሁም። ከገና ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር።

በእኛ አገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው። በቀኑ ሻማ ይበራል፣ ስንዴ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በሩም ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ስላቫ እንለዋለን። አንድ ሕግ አለው፦ ለዝክር ይመጣል እንጂ አይጠራም። አንዴ የሄደ ሰው በየዓመቱ ይሄዳል። የቀረ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ተጣልቷል። እኔ አልሞትኩም።

የተጣላሁት በዳቦ ነው። ስሙኝና ሳቁብኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በዚሁ በቅዱስ ትሪፉን ቀን፣ የእህቴ ባል ራዲቮዬ የዝክሩን ዳቦ የሚቆርስበት ሰዓት ደረሰ። ዳቦውን ባለቤቱ ብቻውን አይቆርስም፤ ከአንድ ወንድ ጋር ይዘው ያዞሩታል፣ ወይን ያፈሱበታል፣ ከዚያ ለሁለት ይገምሱታል። ከራዲቮዬ ጋር ሁልጊዜ የማዞረው እኔ ነበርኩ። እጄን ታጥቤ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ራዲቮዬ ግን አንድ ጎረቤቱን ጠርቶ ከሱ ጋር ቆረሰ። እኔ እጅጌዬን እንደሰበሰብኩ ቆሜ ቀረሁ። ኮቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ፣ ሾርባው እንኳን አልቀረበም ነበር።

በማግስቱ ስልክ ይደውላሉ ብዬ ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ና» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እነሱ እንዴት ብለው ይጥሩኝ? ለዝክር አይጠራማ። ይህን ሕግ ለልጆቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥሪ ጠበቅኩ። ያኮረፈ ሰው ምሳው ራቱ ይሆናል ይባላል፤ የእኔ ምሳ ራትም አልሆነም፣ ሻገተ።

በመካከሉ ራዲቮዬ ሞተ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ካቻምና ደግሞ ባለቤቴ ዝላታ ሞተችብኝ። ቀብሩ ላይ ዴሳንካ መጣች። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናት ሴት በአውቶቡስ መጥታ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመች። አየኋት። ዓይኔን ወደ አፈሩ መለስኩ። ቀና ስል ሄዳለች። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ዘንድሮ እሄዳለሁ አልኩ። ግን ለሰው «እህቴን ልታረቅ ነው» ማለት ሞት መሰለኝ፣ ስለዚህ ዶርቾልን ልጎበኝ ነው አልኩ።

ጎበኘሁ እንግዲህ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ገባሁ። በፌስታል ሁለት ጠርሙስ ወይንና አንድ ኪሎ ቡና ይዣለሁ። ሰፈሩ ገና በጠዋቱ ነቅቷል፦ ወጣቱ በየበረንዳው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ሕፃኑ፣ ውሻው፣ ብስክሌቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጮኻል። አንድ ቤት ገብቼ ቡና ብል አስተናጋጁ «በምን ወተት ይሁንልዎ? በአጃ አለ፣ በለውዝ አለ» አለኝ። አጃ በእኛ ሰፈር ለፈረስ ነው የሚሰጠው። እንግዳ እንዳልመስል ብዬ «በአጃ» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ አልከፋም።

ከዚያ ተነሥቼ መዞር ጀመርኩ። ችግሩ እግሬ ነው። ወደ ወንዙ ልውረድ ስል ወደ ዱብሮቫችካ መንገድ ይወስደኛል፣ ወደ ገበያው ልውጣ ስል እዚያው ይመልሰኛል። የእህቴ ሕንፃ እዚያ ነው። በሩ ድረስ እሄድና ጫማዬን ለማሰር እጎነበሳለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ከሕንፃው ትይዩ የውሻ ፀጉር ቤት አለ። አዎ፣ ለውሻ። አንዲት ክንዷ በሙሉ የተነቀሰ ልጅ አንዱን ነጭ ውሻ ትከረክማለች። ለአራተኛ ጊዜ ሳልፍ መቀሷን እንደያዘች ወጣች።

«ጋሼ፣ ውሻው የታለ?»

«የምን ውሻ?»

«አራት ጊዜ አለፉ እኮ። ሰው እንዲህ የሚመላለሰው ውሻው ሲፈራበት ነው። ይዘውት ይምጡ፣ አንነክሰውም።»

«ውሻ የለኝም ልጄ። ሰፈሩን እየጎበኘሁ ነው።»

ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። «ሰፈሩ እኮ ይቺ ጥግ ብቻ አይደለችም።»

«ቀስ ብዬ ነው የምጎበኘው» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልምከርዎ። የፈራውን ውሻ ብዙ ባዞሩት ቁጥር ይብስበታል። ዝም ብሎ ማስገባት ነው።»

ስቃ ገባች። በውሻ ከርካሚ መመከር ለእኔ ይገባኛል። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ድሮ ሊፍት ገብቼ አራትን ተጭኜ ነበር የምወጣው፤ ደረጃውን በእግሬ ወጥቼው አላውቅም። እንግዲህ የእኛ አሮጌ ሕንፃ ከታች ግማሽ የተቀበረ ቤት አለው፣ በላዩ ከፍ ያለ ምድር ቤት አለው፣ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ግን «ይቅር በይኝ» የሚለውን ንግግር እያጠናሁ፣ ከፍ ያለውን ምድር ቤት አንድ ብዬ ጀመርኩ። ቀያሹ።

አራት ባልኩበት ፎቅ ላይ አንድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኮት በኮት ላይ ተሰቅሏል፣ የበሰለ ጎመን ሽታ ደረጃውን ሞልቶታል፣ ጫጫታ ነው። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። እህቴ ብቻዋን አይደለችም አልኩ በልቤ። አንዲት ደርባባ ሴት ፌስታሌን ተቀበለችኝ።

«እንኳን አደረሳችሁ» አልኩ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ይግቡ፣ ይግቡ አባባ፣ ብርድ ነው።»

ስንዴውን አቀረበችልኝ። አማተብኩ፣ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ጨበጠኝና ወደ ጠረጴዛው ራስ ወሰደኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ግድግዳው ቀለሙ ተቀይሯል፣ ቁም ሳጥኑ አዲስ ነው። ባሏ ሲሞት ቤቱን ለወጠችው አልኩ፤ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት የባለ ጺም ሽማግሌ ፎቶ አለ። ራዲቮዬ ጺም አልነበረውም። እርጅናና ሕመም ሰውን እንዲህ ይለውጠዋል ብዬ፣ ተነሥቼ ፎቶውን ተሳለምኩ። ራሰ በራው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዴሳንካ አልታየችኝም። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ ድስት ይንኳኳል። እዚያ ናት፤ ድምፄን ሰምታ መውጣት ከብዷት ነው አልኩ። ሾርባ መጣ፣ ጠጣሁ። ሳርማ መጣ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን ማለቴ ነው፣ በላሁ። ሳህኔን ሞሉት። ጥብስ መጣ። ማንም ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። በዝክር ቀን የመጣን ሰው ማን ነህ ማለት ነውር ነው። ቆይቶ እንደገባኝ ከሆነ ባልየው የሚስቱ ዘመድ ነው ብሎኛል፣ ሚስትየዋ ደግሞ የባሏ።

በሦስተኛው ብርጭቆ ራሰ በራው ሰውዬ «ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ናቸው፤ ይመርቁልን» አለ። ተነሣሁ። ምርቃቱ አፌ ላይ ጠፋ። የመጣው ያጠናሁት ንግግር ነው። ፊቴን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዞርኩ።

«እዚህ ቤት አንዲት እህት አለችኝ» አልኩ። «እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። አባታችን ሲሞት ቀሚሷን ሸጣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ደጇን አልረገጥኩም። በምን? ባሏ ዳቦውን ከአንድ ጣልቃ ገብ ጎረቤት ጋር ቆረሰ ብዬ። ሰውዬው ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም፤ ጀርባውን ነው ያየሁት፤ ዘጠኝ ዓመት ግን ጀርባውን ስሰድበው ኖርኩ። በሚስቴ ቀብር መጣች፣ ፊት ነሣኋት። ደረቅ ነኝ፣ ቀሽም ነኝ። እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ነይና ውጪ።»

ሰው ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። አንዷ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ወጣች። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ሰማንያ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ እንደ በርሜል የወፈሩ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ አሮጊት ጭልፋ ይዘው ብቅ አሉ።

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?»

«እህቴ ይቅር በይኝ ነው የሚሉት እማማ» አለች ደርባባዋ ሴት።

አሮጊቷ ከራስ እስከ እግር አዩኝ። «እኔ ወንድም ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። «ግን ከመጣ ይብላ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ራሰ በራው ሰውዬ ቀስ ብሎ አጠገቤ መጣ።

«አባባ፣ እህትዎ ማን ይባላሉ?»

«ዴሳንካ። የራዲቮዬ ሚስት።»

«እትዬ ዴሳንካ እኮ አራተኛ ፎቅ ናት። ይሄ ሦስተኛ ነው።» ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ቦጎሉብ እባላለሁ። ጣልቃ ገቡ ጎረቤት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቦጎሉብ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«የኛም ቤት ቅዱስ ትሪፉን ነው» አለኝ። «ያን ዓመት አባቴ በሞቱ በአርባ ቀናቸው ዝክሩ ዋለ። እዚያ ፎቶው ላይ ያሉት ናቸው። እስከዚያ ዳቦውን ከሳቸው ሌላ ከማንም ጋር አዙሬ አላውቅም። ብቻዬን እንዴት እንደምቆርሰው ጠፍቶኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ራዲቮዬ አየኝና እጄን ይዞ አስገባኝ፤ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ትቆርሳለህ አለኝ። እርስዎ ሲወጡ ትከሻዬን ገጭተውኝ አለፉ። ቸኩለው ነው ብዬ ነበር።»

አባቱ የሞተበትን ሰው ነው ዘጠኝ ዓመት የረገምኩት። «ቸኩዬ አልነበረም» አልኩት።

«ተዉት አሁን። ይልቅ ይውጡ። እትዬ ዴሳንካን በየዓመቱ ነይ ውረጂ፣ አብረን እናክብር እንላታለን። ራዲቮዬ ከሞተ ወዲህ ያው ሰው ቀንሶባታል፣ ልጇም ኖርዌይ ናት። እሷ ግን አትወርድም። ዛሬ ቤቱን ጥዬ አልወጣም፣ ሰው ሊመጣ ይችላል ነው የምትለው።»

ተነሣሁ። ሚስቱ ፌስታሌን ፈልጋ ይዛ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይኑን ከፍተነዋል። ቡናውንም አፍልተነዋል።»

«በጤና ጠጡት» አልኩና ባዶ እጄን ወጣሁ።

አንድ ፎቅ ነው የቀረኝ። አሥራ ስምንት ደረጃ። በየሦስቱ ቆምኩ። ሆዴ በሳርማ ተወጥሯል፣ ኮቴ አልቆለፍ ብሎኛል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋሁት።

ጠረጴዛው ለስድስት ሰው ተዘርግቷል። ሻማው ተጋምሷል። ስንዴው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ልሙጥ እንዳለ ነው፤ ማንኪያ አልነካውም። ዴሳንካ በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቁር ለብሳለች፣ አንሳለች። እህቴ ትልቅ ሴት ነበረች።

አፌን ከፈትኩ። ንግግሬን ታች ጨርሼዋለሁ። የማያውቁኝ ሰዎች ሰምተው አልቅሰውበታል፣ ለእሷ ምንም አላስተረፍኩላትም።

«እንኳን አደረሰሽ» አልኩ።

አየችኝ። ከዚያ ተነሣች። «እንኳን አብሮ አደረሰን። እግርህን ጥረግ።»

ጠረግኩ። ስንዴውን አመጣችልኝ። አማተብኩና ልሙጡን በማንኪያዬ ሰበርኩት። ተቀመጥ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። ትልቁን ድስት ከምድጃው አነሣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በልተህ ነው የመጣኸው?»

«አይ» አልኩ። ጥብሱ ጉሮሮዬ ድረስ ነበር።

«ጥሩ።» አንድ ጥቅል ሳርማ በጭልፋ አውጥታ ሳህኔ ላይ አኖረች። «ይሄ የዘንድሮው ነው። ብላ።»

በላሁ። ቀና ሳልል ሌላ ጨመረች።

«ይሄ የአምናው።»

ገባኝ። መቀመጫዬ ላይ ተስተካከልኩና እሱንም በላሁ። ላብ አጠመቀኝ። ሳልበላ የወጣሁበትን ጨምሮ ዘጠኝ ዓመት ቀርቻለሁ፣ ከዘንድሮው ጋር አሥር ጥቅል መሆኑ ነው፣ እንደማልተርፍ አወቅኩ። ይገባኛልም አልኩ።

«ይሄ የካቻምናው። ያንን እንኳን ታች ወስጄ ለነቦጎሉብ ነው የሰጠኋቸው። በየዓመቱ ያንተን ድርሻ በማግስቱ እወስድላቸዋለሁ።»

በላሁ። አራተኛውን ከድስቱ አወጣች። ጭልፋውን ሳህኔ አጠገብ አድርሳ እጇ ቆመ። ስሙን አልጠራችውም፤ ዓመቱ ግን ራዲቮዬ የሞተበት ነበር። በዚያ ዓመት ስለ ቀብሩ ኢሲዶራ ስትደውልልኝ «ጉልበቴን አሞኛል፣ መሄድ አልችልም» ብያት ነበር፤ ለአክስቷም ይህንኑ አድርሳለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴን አጥር ቆሜ ስለካ ዋልኩ። ታች ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉን ስናዘዝ ይህን አንዱን ዘልዬዋለሁ።

«ዴሳንካ» አልኩ። «ጉልበቴ ደህና ነበር።»

ጭልፋውን አዘነበለችና ጥቅሉን ሳህኔ ላይ አኖረችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»